የሄሞፊሊያ የእርዳታ ገንዘብ ከላቦራቶሪው ይጀምር

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በየዓመቱ ሚያዝያ 9 ቀን የዓለም የሄሞፊሊያ ቀን ሲታሰብ ስለ መድኃኒት እጥረት ብዙ ይነገራል፤ መድኃኒቱ ለማን እንደሚያስፈልግ ስለሚለየው ምርመራ ግን እምብዛም አይወሳም። በመሐል አዲስ አበባ በሕክምና ላቦራቶሪ ሙያ የምሠራ እንደመሆኔ፣ በእርዳታ ገንዘብ የሚቀረፁ ፕሮጀክቶች ቅድሚያ ሊሰጡት የሚገባው ለዚሁ ምርመራ ይመስለኛል።

ሄሞፊሊያ ደም እንዲረጋ ከሚያደርጉት ፕሮቲኖች መካከል ፋክተር ስምንት ወይም ፋክተር ዘጠኝ ሲጎድል የሚከሰት፣ በአብዛኛው ከእናት ወደ ወንድ ልጅ የሚተላለፍ ሕመም ነው። የፋክተር ስምንት ጉድለት ከ5,000 ወንድ ሕፃናት በአንዱ ላይ ገደማ ይታያል። ከታማሚዎቹ ሲሶ ያህሉ በቤተሰባቸው ቀድሞ የታወቀ ታሪክ ስለሌላቸው፣ «በዘራችን የለም» የሚለው መልስ ሐኪሙን ሊያዘናጋው አይገባም። በእኛ አገር ከባዱ ዓይነት በግርዛት፣ እንጥል በማስቆረጥ ወይም ልጁ መዳህና መራመድ ሲጀምር በሚያብጥ ጉልበት ሊገለጥ ይችላል። ያበጠው ጉልበት ቁርጥማት ተብሎ ወጌሻ ዘንድ ከታሸ፣ አለዚያም በጤና ተቋም የዲክሎፌናክ መርፌ ከተወጋ መድማቱ ይባባሳል። መርፌው እንዲያውም ጉዳቱ እጥፍ ነው፤ ጡንቻውን ይወጋል፣ መድኃኒቱም ደም እንዲረጋ የሚያግዙትን የፕሌትሌት ሕዋሳት ሥራ ያውካል።

በሽታውን ለመጠርጠር የሚያስፈልገው ምርመራ ቀላል ነው፤ ደም ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ ከሚለኩት ሁለት ምርመራዎች ፒቲ የተባለው ልክ ሆኖ ኤፒቲቲ የተባለው ከረዘመ ጥርጣሬው ይጠናከራል። የደም ናሙናው የሚቀዳበት ባለ ሰማያዊ ክዳኑ ቲዩብ ግን እስከ መስመሩ ካልተሞላ ውጤቱ ያለ ምክንያት ረዝሞ ሊወጣ ስለሚችል፣ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎችን ማሠልጠን ትንሽ ገንዘብ የሚጠይቅ ትልቅ ሥራ ነው። ከዚያ የትኛው ፋክተር እንደጎደለ መለየት ግድ ይላል፤ ከተለገሰ ደም የሚዘጋጀው ክራዮፕሪሲፒቴት ፋክተር ስምንትን እንጂ ፋክተር ዘጠኝን ስለማይተካ፣ ሳይለዩ መስጠት ለአንደኛው ታማሚ ምንም አይፈይድም። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ የፋክተር መለኪያው ሪኤጀንት፣ ማለትም ለምርመራው የሚያገለግለው ኬሚካል፣ ውድ ነው፣ ቅዝቃዜው ሳይቋረጥ መጓጓዝና መቀመጥም አለበት። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ተቋም በፕሮጀክት የተገዛው ማሽን ፕሮጀክቱ ሲያበቃ ሪኤጀንት አጥቶ ሲቆም፣ የሠለጠኑት ባልደረቦችም ወደ ሌላ ክፍል ሲዛወሩ ተመልክቻለሁ። ለጋሹም ተቀባዩም ውሉ ላይ የተጻፈውን ፈጽመው ነበር።

የዓለም ሄሞፊሊያ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የጎደለውን ፋክተር የሚተካ መድኃኒት በእርዳታ ሲያቀርብ ቆይቷል፤ ይህ ልግስና ግን የሚደርሰው ሕመሙ በምርመራ ለተረጋገጠለት ሰው ነው። ስለዚህ ጤና ሚኒስቴርና ለጋሾች ውል ሲዋዋሉ፣ ከመጀመሪያው ዓመት አንስቶ ከሪኤጀንቱ ወጪ የተወሰነው በመንግሥት በጀት እንዲሸፈን፣ ድርሻውም በየዓመቱ እያደገ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ግዥው ሙሉ በሙሉ ወደ መደበኛው የመድኃኒት አቅርቦት እንዲገባ ቢስማሙ መልካም ነው። በተጨማሪም አንድ ልጅ በተገኘ ቁጥር ወንድሞቹና የእናቱ እኅቶች ወንዶች ልጆች ከግርዛትም ሆነ ከቀዶ ሕክምና አስቀድሞ እንዲመረመሩ የሚጠራ ባለሙያ በፕሮጀክቱ በጀት ውስጥ ይካተት፤ ደመወዙ ከአንድ ማሽን ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ
ከአራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ