ያኔ ላልመለስኩልሽ ጥያቄ

ይድረስ ለውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ።

ከተጻጻፍን ሦስት ዓመት አለፈ። ጥፋቱ የኔ ነው። የመጨረሻውን መልእክት የላክሽው አንቺ ነሽ። ዛሬ እመልሳለሁ፣ ነገ እመልሳለሁ ስል ጊዜው ነጎደ። ከዚያ በኋላ ደግሞ በምን ፊቴ ልጻፍላት እያልኩ ቆየሁ። ይቅር በይኝ።

ጥያቄሽን ግን አልረሳሁትም። «ፈንክሽኑ ላይብረሪው ውስጥ ቁጭ ብሎ እያየሁት ለምንድነው ‹አንዲፋይንድ ሪፈረንስ› የሚለኝ?» ብለሽኝ ነበር፤ «የጠራሽውን ስም አላገኘሁትም» እንደማለት ነው። እኔም ትእዛዙ ላይ የፋይሎቹን ቅደም ተከተል ገልብጪው፣ ላይብረሪውን መጨረሻ ላይ አድርጊው አልኩሽ። ገለበጥሽው፣ ሠራ። «ለምን ሠራ?» ስትይኝ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ስለማላውቅ ነው። ባለፈው ወር አንድ ስህተት ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ነሳኝና ወደዚያው ወደ ሊንከሩ፣ ፋይሎችን አገናኝቶ አንድ ፕሮግራም ወደሚያደርገው መሣሪያ፣ መለሰኝ። አሁን ገብቶኛል። መጀመሪያ ልነግራት የፈለግሁትም አንቺን ነው።

የጻፍነውን ኮድ ወደ ማሽን ቋንቋ ከሚቀይረው ከኮምፓይለሩ ልጀምር። ኮምፓይለር በአንድ ጊዜ የሚያየው አንድ ፋይል ብቻ ነው። ስለ ጎረቤት ፋይል ምንም አያውቅም። አንቺ «ድምር» የሚባል ፈንክሽን ጠርተሽ ፈንክሽኑ ሌላ ፋይል ውስጥ ቢሆን፣ አድራሻውን ከየት ያመጣዋል? ስለዚህ ቦታውን ክፍት ትቶ ያልፋል። ይህን በቃል ሰምቼው ነበር፤ የገባኝ ግን በዓይኔ ሳየው ነው። ኮምፓይለሩ ያወጣውን ኦብጀክት ፋይል ውስጡን በሚያሳይ ኦብጅደምፕ በሚባል መሣሪያ ገልጬ ጥሪው ያለበትን መስመር ፈለግሁ። በ64 ቢት የኢንቴል ማሽን ላይ ጥሪው አምስት ባይት ነው፦ ኢ8 00 00 00 00። ኢ8 «ጥራ» ማለት ነው። አራቱ ዜሮዎች «ማንን?» ለሚለው የተተወ ባዶ ቦታ ናቸው።

ባዶውን ቦታ የሚያስታውሱ ሁለት ዝርዝሮች እዚያው ፋይል ውስጥ ይቀመጣሉ። አንዱ ሲምቦል ቴብል ነው፤ ፋይሉ ያሉትንና የሚፈልጋቸውን ስሞች ይይዛል። ሌላው የሪሎኬሽን ዝርዝር ነው። እሱ ደግሞ «እዚህ ቦታ ላይ ያሉትን አራት ባይቶች፣ ድምር የት እንዳረፈ ስታውቅ ሙላቸው» የሚል ለሊንከሩ የተተወ አደራ ነው።

ሲምቦል ቴብሉን ለማየት ኤንኤም የምትባለውን ትእዛዝ ተጠቀሚ። በጣም የምወዳት ትእዛዝ ሆናለች። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ አንድ ፊደል ታሳይሻለች። ትልቁ ቲ ከሆነ ፈንክሽኑ እዚህ አለ፣ ሌሎች ፋይሎችም ሊጠሩት ይችላሉ። ትንሹ ቲ ከሆነ አለ፣ ግን ስታቲክ ስለሆነ ከፋይሉ አይወጣም። ዲ መነሻ ዋጋ የተሰጠው ቫሪያብል ነው፤ ቢ ደግሞ ከዜሮ የሚነሳ። ዩ ማለት «እፈልገዋለሁ፣ እኔ ጋ ግን የለም» ማለት ነው።

እንግዲህ የሊንከሩ ሥራ እያንዳንዱን ዩ ከባለቤቱ ማገናኘት ነው። ሲያገናኝ የሚያየው ስሙን ብቻ ነው። ይህችን ያዥልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ። ስሞቹ ባለቤት ካገኙ በኋላ ኮዱን ከኮድ ጋር፣ ዳታውን ከዳታ ጋር አስጠግቶ ለሁሉም አድራሻ ይሰጣል። ከዚያ ባዶዎቹን ይሞላል። ለምሳሌ አራቱ ዜሮዎች የሚጀምሩት 4100 ላይ ቢሆን፣ «ድምር» ደግሞ 5000 ላይ ቢያርፍ፣ የሚጻፈው 5000 እንዳይመስልሽ። ፕሮሰሰሩ ርቀቱን የሚቆጥረው ከሚቀጥለው ትእዛዝ ነው፤ እሱም 4104 ላይ ነው። ስለዚህ 896 ይጻፋል። መጀመሪያ በእጄ አሰላሁት፣ ከዚያ በራሴ ፕሮግራም ላይ ያለውን ቁጥር አመሳከርኩ። ልክ መጣ። ደስታዬን ብታዪ!

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ያንቺ ላይብረሪ የኦብጀክት ፋይሎች ጥቅል ነበር። ሊንከሩ ጥቅሉን እንዳለ አይወስደውም። እስካሁን ባለቤት ያጡትን ስሞች ይዞ ይመጣል፤ ከመካከላቸው አንዱን የያዘ ፋይል ጥቅሉ ውስጥ ካገኘ ያንን ብቻ መዝዞ ያወጣል። ሊኑክስ ላይ የተለመደው የግኑ ሊንከር ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚሄደው፤ ያለፈውን ጥቅል በራሱ ተመልሶ አይፈትሽም። አንቺ ላይብረሪውን ያስቀመጥሽው ከፋይልሽ በፊት ነበር። ሊንከሩ እዚያ ሲደርስ «ድምር»ን ገና ማንም አልጠየቀም። የተጠየቀ ከሌለ የሚወጣም የለም፤ አልፎት ሄደ። ቀጥሎ ያንቺ ፋይል መጣና «ድምር እፈልጋለሁ» አለ። ጥቅሉ ግን አልፏል። ፈንክሽኑ ነበረ፣ አንቺም ትክክል ነበርሽ። የተጠየቀው ከታለፈ በኋላ ነው እንጂ። ሁለት ላይብረሪዎች እርስ በርስ ሲፈላለጉ ደግሞ ቦታ መቀያየር ብቻውን ላይበቃ ይችላል። ያኔ ስታርት ግሩፕና ኤንድ ግሩፕ በሚባሉት የሊንከሩ አማራጮች መካከል ታስገቢያቸዋለሽ፤ ሊንከሩም አዲስ ነገር ማግኘት እስኪያቆም ድረስ ይመላለስባቸዋል። ኤልኤልዲ የሚባለው ሊንከር ያለፋቸውን ጥቅሎች ስሞች ስለሚያስታውስ ምናልባት ያ ኤረር ጨርሶ ባልመጣብሽ ነበር።

ይህ ግን ጮክ ብሎ የሚናገር ስህተት ነው። እኔን ያሰቃየኝ ዝም የሚለው ነው።

በሲ ቋንቋ የተጻፈ አንድ ያረጀ ኮድ ተረከብን፤ ከነቆየ ኮምፓይለሩ። ፕሮግራሙ ውስጥ ሥራ የሚቆጥር «ካውንት» የሚባል ቫሪያብል አለ። ሁልጊዜ ሃያ ሠላሳ ቢደርስ ነው። አልፎ አልፎ ግን ድንገት 1072693248 ይሆናል። ካውንትን የሚነካውን ኮድ ሁሉ መስመር በመስመር አነበብኩ። ምንም የለም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተስፋ ቆርጬ ቁጥሩን ወደ ሄክሳዴሲማል (በ16 ወደሚቆጥረው አጻጻፍ) ቀየርኩት፦ 3ኤፍኤፍ00000። ክው አልኩ። ይህ እኮ 1.0 የሚለው ደብል (ስምንት ባይት የሚይዝ ባለ ነጥብ ቁጥር) የላይኛው ግማሽ ነው! ማን ነው ደብል እዚህ የጻፈው?

ኤንኤም ነገረችኝ። አንዱ ፋይል ውስጥ «ስኬል» የሚባል ኢንት (አራት ባይት የሚይዝ ሙሉ ቁጥር) አለ፣ መነሻ ዋጋው 100፤ ጎኑ ላይ ካውንት ተቀምጧል። ሌላ ፋይል ውስጥ፣ ሌላ ሰው፣ በሌላ ጊዜ፣ «ስኬል» የሚል ደብል መነሻ ዋጋ ሳይሰጠው ጽፏል። በድሮው የሲ ልማድ እንዲህ ዓይነቱ ቫሪያብል «ኮመን» ይባላል፤ በኤንኤም «ሲ» በሚል ፊደል ይታያል። ሊንከሩ ሁለት ስኬል ሲያገኝ ዋጋ የተሰጠውን ይመርጣል፣ ኮመኑን ወደዚያው ያዞረዋል። ስለዚህ ሁለተኛው ፋይል ስኬልን 1.0 ባደረገ ቁጥር አራት ባይት ቦታ ላይ ስምንት ባይት ይጽፋል። የታችኞቹ አራት ባይቶች ስኬልን ዜሮ ያደርጉታል፣ የላይኞቹ ካውንት ላይ ይፈሳሉ። ሊንከሩ ስለ አቀማመጡ አንዲት ማስጠንቀቂያ ጽፎ ነበር። ማን አይቶት? በሌሎች ማስጠንቀቂያዎች ጎርፍ ተውጣለች።

ሁለቱም ሰዎች በየፋይላቸው ትክክል ነበሩ። ያጋጨቻቸው የአንዲት ስም መመሳሰል ናት። ጂሲሲ የሚባለው ኮምፓይለር እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው ቁጥር 10 ጀምሮ ይህን ልማድ በነባሪነት ትቶታል። አሁን ያው ኮድ «መልቲፕል ዴፊኒሽን» ብሎ ፊት ለፊት ይቆማል። በጣም ትክክለኛ ውሳኔ ነው እላለሁ። ያረጀ ኮድ ተሰበረብን ብለው የሚያማርሩ አሉ፤ የኔን ሁለት ሳምንት ቢያሳልፉ አያማርሩም ነበር።

ግን አደጋው ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። አንድ ሰው «ኤክስተርን ደብል ስኬል»፣ ማለትም «ስኬል የሚባል ደብል ሌላ ፋይል ውስጥ አለ»፣ ብሎ ከጻፈ ዛሬም ያለ ኤረር ያልፋል። ያዥልኝ ያልኩሽ ይህንን ነው፤ ሊንከሩ ስም እንጂ ዓይነት አያነጻጽርም። ሲ ፕላስ ፕላስ ለፈንክሽኖች ብልሃት አበጅቶለታል። የአርጉመንቶቹን ዓይነት ስሙ ውስጥ ይሰፋዋል፤ ዓይነቱ ከተለያየ ስሙም ይለያያል፣ ሊንከሩም «የለም» ይላል። ለተራ ግሎባል ቫሪያብሎች ግን እሱም አይረዳም። ስለዚህ እኔ አሁን ከፋይል መውጣት የሌለበትን ሁሉ ስታቲክ አደርጋለሁ። የሚወጣውን ደግሞ አንድ ሄደር (ሌሎች ፋይሎች የሚጋሩት የማወጃ ፋይል) ውስጥ ብቻ አውጄ፣ ቫሪያብሉን የፈጠረው ፋይል ራሱ ያንን ሄደር እንዲያነብ አደርጋለሁ። ያኔ ዓይነቱ ቢለያይ ኮምፓይለሩ ይይዘዋል።

ሆን ተብለው ደካማ የሚደረጉ ሲምቦሎችም አሉ፤ ኤንኤም ላይ ደብሊው ሆነው ይታያሉ። ላይብረሪ የራሱን ፈንክሽን ደካማ አድርጎ ካቀረበ አንቺ በዚያው ስም ጠንካራ ጽፈሽ ልትተኪው ትችያለሽ። ፕሮግራሙ ሲነሳ ስለሚገናኙት ላይብረሪዎች በሌላ ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ፤ እዚያ ሕጉ ይለያል።

ያ ፕሮጀክትሽ አሁንም ካለሽ አንድ ነገር አስቸግርሻለሁ። ላይብረሪውን ወደ ድሮ ቦታው መልሺና ኤረሩ እንዲመጣ አድርጊ። ከዚያ ፋይልሽ ላይም ላይብረሪው ላይም ኤንኤም አሂጂ። አንዱ ጋ ዩ፣ ሌላው ጋ ቲ ታያለሽ። ያየሽውን ላኪልኝ። ስለ ራስሽም ጻፊልኝ፤ የት እንደደረስሽ፣ ምን እየሠራሽ እንደሆነ። አሁን መልሱ አይዘገይም።

የዘወትር ወዳጅሽ