በወረዳ ውል ውስጥ የማይጻፈው የአገልግሎት ጣጣ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በወሎ ወረዳዎች በግዥና በውል አስተዳደር ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ አገልግዬ በጡረታ የተገለልሁ የደሴ ነዋሪ ነኝ። በእነዚያ ዓመታት ያረቀቅኋቸው፣ ያረምኋቸውና በምስክርነት የፈረምሁባቸው ውሎች ብዙ ናቸው። ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ በእነዚያ ውሎች ውስጥ የነበረ አንድ ጉድለት አሁንም ሳይታረም መቀጠሉ ነው። የወረዳና የከተማ አስተዳደሮቻችን የሚፈርሟቸው ውሎችና ስምምነቶች ስለ ገንዘቡ፣ ስለ ጊዜ ገደቡና ስለ ሥራው ዝርዝር አብዝተው ይናገራሉ፤ ሥራው በሚካሄድበት ወቅትም ሆነ ካለቀ በኋላ በመሥሪያ ቤቱ የዕለት ተዕለት አገልግሎት ላይ የሚያስከትለውን ግን አይገልጹም።

በአንድ ጤና ጣቢያ የደረሰውን ላስቀድም። የወረዳውንም የጤና ጣቢያውንም ስም አልጠቅስም። ለጤና ጣቢያው ተጨማሪ ሕንፃ ለማሠራት የተፈረመው ውል ከሰባ ገጽ በላይ ነበረው። የሲሚንቶና የአሸዋው ምጣኔ፣ የብረቱ ውፍረት፣ የቅድሚያ ክፍያው ዋስትና፣ ለእያንዳንዱ የዘገየ ቀን የሚታሰበው ቅጣት ሁሉ አንድ በአንድ ተጽፏል። ተቋራጩ ሥራ በጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት የጤና ጣቢያውን ዋና በር በቆርቆሮ አጥሮ የድንጋይና የአሸዋ ማራገፊያ አደረገው። በሁለተኛው ሳምንት የመሠረት ቁፋሮው ወደ ማዋለጃ ክፍሉ የሚገባውን የውሃ መስመር ቆረጠው። ከሩቅ ቀበሌ በቃሬዛ የሚመጡ ወላዶች በጀርባ በኩል፣ ጭቃ በያዘው ቁልቁለት እየዞሩ መግባት ግድ ሆነባቸው። አዋላጇና የጽዳት ሠራተኛዋ ከመንገድ ማዶ ካለው ቦኖ በቢጫ ጄሪካን ውሃ ሲያመላልሱ እኔው ራሴ አይቻለሁ። ይህ የቆየው ለሦስት ሳምንት ያህል ነው።

ተቋራጩን ቢሮዬ ጠርቼ ስጠይቀው የውሉን ሰነድ ይዞ መጣና ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶ «የትኛው አንቀጽ ነው ይህን የከለከለኝ?» አለኝ። ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። «አጠቃላይ የውል ሁኔታዎች» በሚባለው፣ ለሁሉም ውል አንድ ዓይነት በሆነው የሰነዱ ክፍል ውስጥ በነባር ንብረት ላይ ጉዳት እንዳይደርስ የሚል ጥቅል አንቀጽ ስለነበር ቧንቧውን እንደሚጠግን አልካደም፤ በኋላም ጠግኗል። እስኪጠገን ድረስ ለማዋለጃ ክፍሉ ውሃ ማን እንደሚያቀርብ፣ የትኛው በር ለሕሙማን ክፍት ሆኖ እንደሚቆይ፣ መስመር ከመቆረጡ በፊት ለማን መነገር እንዳለበት ግን አንድም ቃል አልነበረም። ተቋራጩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያነበበው የተጻፈለትን ነው። ያላጻፍነው እኛ ነን፤ ሰነዱን ያዘጋጀሁትም እኔ ነበርሁ፤ ዛሬም ድረስ ሳስበው ይከነክነኛል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ ላይ ሕግ መሆኑን ይደነግጋል። ከአንቀጽ 3131 ጀምሮም የአስተዳደር መሥሪያ ቤቶች ስለሚዋዋሉት ውል ራሱን የቻለ ክፍል አለው። አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ በዚሁ ክፍል የሚገኘውን አንቀጽ 3179 እየጠቀሱ፣ መሥሪያ ቤቱ በውሉ ላይ ለውጥ የማዘዝ ሥልጣን ስላለው የቀረውን በኋላ በደብዳቤ ማዘዝ ይቻላል ይላሉ። ሥልጣኑ አለ፤ ሆኖም የታዘዘው ለውጥ ተጨማሪ ወጪ ካስከተለ ተቋራጩ ካሣ መጠየቁ አይቀርም፣ ሲጠይቅም ባለመብት ነው። በጨረታው ጊዜ በጥቂት ብር ዋጋ ውስጥ ይካተት የነበረው የጊዜያዊ ውሃ ማጠራቀሚያና የተለዋጭ በር ነገር፣ ሥራው መሐል ላይ ሲደርስ የሳምንታት የደብዳቤ ምልልስና የተጨማሪ ክፍያ ጥያቄ ይሆናል። ይህ ሁሉ እስኪያልቅ ድረስ ጄሪካኑ አይወርድም።

ጉድለቱ ከየት ይመጣል ብዬ ራሴን ስጠይቅ ሁለት ምክንያት ይታየኛል። አንደኛው አገልግሎቱን የሚሰጠው ሰው ሰነዱ ሲዘጋጅ አለመኖሩ ነው። የጨረታ ሰነዱን የግዥ ክፍሉና መሐንዲሱ ያዘጋጁታል፤ የፋይናንስ ጽሕፈት ቤቱ ገንዘቡን ያረጋግጣል፤ ኃላፊው ይፈርማል። አዋላጇ፣ የመዝገብ ክፍሉ ሠራተኛ፣ የፓምፕ ኦፕሬተሩ፣ ርዕሰ መምህሩ ስለ ሥራው የሚሰሙት ተቋራጩ ዕቃውን ሲያራግፍ ነው። ሁለተኛው የሰኔ ጥድፊያ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ሥራ ላይ ያልዋለው ገንዘብ ተመላሽ እንዳይሆን በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ውል በውል ላይ ይፈረማል። እንዲህ ተጣድፎ የተፈረመ የግንባታ ውል ቁፋሮው የሚጀመረው በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ነው። የእኛ አገር ደግሞ ከክረምቱ ሌላ በልግ አለው። በደጋው ወሎ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ገበሬው በልግ ይዘራል፤ ወደ ገበያና ወደ እርሻ የሚወስደው መንገድ በዚያን ጊዜ ቢዘጋ የሚደርሰው ጉዳት በሌላ ወር ከሚደርሰው ጋር አይወዳደርም። ውሎቻችን ግን «በ180 ተከታታይ ቀናት ውስጥ» ብለው ያልፋሉ፤ የትኞቹ ቀናት እንደሆኑ ለውሉ ግድ የለውም።

ስለ ርክክብ ጊዜ ያለው ጉድለት ከዚህም የባሰ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም የግንባታ ጊዜ ችግር ቢያንስ ያልፋል። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ በሰሜንና በደቡብ ወሎ ጤና ጣቢያዎች፣ ትምህርት ቤቶችና የውሃ ተቋማት ከተዘረፉና ከፈራረሱ በኋላ፣ መልሶ ለማቋቋም ከረጂ ድርጅቶች ጋር ብዙ ስምምነቶች ተፈርመዋል። ለተደረገልን ድጋፍ ሁሉ ምስጋናዬ ከልብ ነው። በእጄ ካለፉት የድጋፍ ስምምነቶች መካከል በአንዱ ለአንድ ተቋም ጄኔሬተር ተሰጥቶ ነበር። ስምምነቱ የጄኔሬተሩን ኃይል፣ የተሠራበትን ዘመንና የመለያ ቁጥሩን ይዘረዝርና በመጨረሻው ገጽ ላይ «የማንቀሳቀሻ ወጪውን ተረካቢው ይሸፍናል» ይላል። በሰዓት ስንት ሊትር ናፍጣ እንደሚፈልግ፣ ማጣሪያው በየስንት ሰዓቱ እንደሚቀየር፣ የሚያንቀሳቅሰው ሠራተኛ በየትኛው መደብ እንደሚቀጠር አልተጻፈም። ስምምነቱ የተፈረመው በታኅሣሥ በመሆኑ የዓመቱ መደበኛ በጀት፣ ማለትም የደመወዝና የሥራ ማስኬጃ ገንዘቡ፣ አስቀድሞ ጸድቋል፤ የናፍጣ ገንዘብ አልተያዘለትም። ጄኔሬተሩ እስከ ሐምሌ ሸራ ለብሶ ቆመ።

በካፒታል በጀት፣ ማለትም ለግንባታና ለቋሚ ዕቃ በሚመደበው ገንዘብ፣ የሚገባ ነገር ሁሉ በመደበኛ በጀት ላይ ጥገኛ ሆኖ እንደሚኖር በፋይናንስ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ጉድጓድ ሲቆፈር የመብራት ሂሳብ፣ የጥበቃ ደመወዝና የፓምፕ ጥገና አብረው ይመጣሉ። አዲስ የመማሪያ ክፍል ሲሠራ መምህርና ወንበር ይከተላል። የኮምፒውተር ሥርዓት ለገቢዎች ክፍል ሲገዛም እንደዚሁ ነው፤ መብራት በጠፋ ሰዓት ግብር ከፋዩ በእጅ ደረሰኝ ይስተናገድ ወይስ ይመለስ የሚለው በውሉ ውስጥ ሊወሰን ይገባል። ይህን ሁሉ የምናውቀው በቃል ነው፤ በውሉ ላይ ስለማንጽፈው ምክር ቤቱ በጀት ሲያጸድቅ ፊቱ የሚቀርብለት አንዳች ነገር የለም።

የመጻፍ ልማዱ ጎደለን እንጂ ነገሩስ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። በመስኖ በሚለማባቸው ቀበሌዎች የውሃ አባቱ፣ ማለትም የመስኖ ውሃውን ተራ የሚያከፋፍለው ሰው፣ ከገበሬዎቹ ጋር የሚስማማበትን ስምምነት ልብ ብሎ ያዳመጠ ሰው ይህን ይረዳል። እዚያ ውይይቱ ቦዩ ስንት ክንድ ይሁን በሚለው ብቻ አያበቃም። ማን በየትኛው ቀንና ሰዓት ውሃ እንደሚከፍት፣ ቦዩ በደለል ሲሞላ ማን እንደሚጠርግ፣ ተራው የደረሰው ሰው ለቅሶ ቢገጥመው ውሃው ለማን እንደሚተላለፍ ተነጋግረው ይጨርሳሉ። ወረቀት የሌለው ስምምነት እንዲህ አሟልቶ ሲያስብ፣ ባለ ማኅተሙ ሰነዳችን ይህን ማጣቱ ያሳዝነኛል።

የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። የወረዳና የከተማ አስተዳደር የሚፈርመው ማንኛውም የግንባታ፣ የዕቃ አቅርቦትና የአገልግሎት ውል፣ እንዲሁም ማንኛውም የድጋፍ ስምምነት፣ ሁለት ወይም ሦስት ገጽ የሚሆን የአገልግሎት ተጽዕኖ መግለጫ የውሉ አካል ሆኖ እንዲያያዝለት ነው። መግለጫው «አገልግሎት በተቻለ መጠን እንዳይስተጓጎል ይደረጋል» በሚል ዐረፍተ ነገር እንዳይሞላ አደራ እላለሁ፤ እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ማንንም አያስገድድም። የሚያስገድደው «ወደ ማዋለጃ ክፍሉ የሚገባው ውሃ በማናቸውም ቀን ከሁለት ሰዓት በላይ አይቋረጥም፤ ከመቋረጡ 48 ሰዓት አስቀድሞ ለጤና ጣቢያው ኃላፊ በጽሑፍ ይገለጻል፤ ተቋራጩ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የተሞላ የውሃ ታንከር በግቢው ውስጥ ያቆማል» ተብሎ ሲጻፍ ነው። ከርክክብ በኋላ ያለውም በዚሁ ልክ፣ በሊትር፣ በሰዓት፣ በሰው ኃይልና በዓመታዊ ብር ተለክቶ፣ የሚከፍለው የበጀት ርዕስም ተጠቅሶ መጻፍ አለበት። ከሁሉ በላይ ተጠቃሚው ክፍል መግለጫውን አንብቦ ሳይፈርምበት ውሉ እንዳይፈረም እፈልጋለሁ።

ደረጃውን የጠበቀው የጨረታ ሰነድ አይነካም የሚል መልስ ከግዥ ባለሙያዎች እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ እኔም ለዓመታት የሰጠሁት መልስ ነው። የማይነካው አጠቃላይ የውል ሁኔታዎቹ ናቸው። ልዩ የውል ሁኔታዎችና የቴክኒክ ዝርዝሩ ግን እንደየሥራው ጠባይ እንዲሞሉ የተተዉ ስለሆኑ፣ መግለጫውን እዚያ ለማስገባት አዲስ መመሪያ መጠበቅ አያስፈልግም። ዋጋ ይንራል የሚለው ሥጋት እውነትነት አለው፤ ተጫራቹ ታንከሩንም ተለዋጭ በሩንም በዋጋው ውስጥ ያስገባል። ወጪው ግን ዛሬም አለ። የሚከፍሉት በቃሬዛ የሚመጡት ወላዶችና ጄሪካን የሚሸከሙት ሠራተኞች በመሆናቸው በሂሳብ መዝገባችን ላይ አይታይም፤ ልዩነቱ ይኸው ነው።

ያ ሕንፃ ተጠናቆ ጊዜያዊ ርክክብ በተደረገበት ቀን ከኮሚቴው ጋር ወደ ጤና ጣቢያው ሄጄ ነበር። መሐንዲሱ ግድግዳውን ሲለካ እኔ አዋላጇን ይቅርታ ለመጠየቅ ወደ ማዋለጃ ክፍሉ ጎራ አልሁ። ወደ መስኮቱ ወሰደችኝና በአዲሱ ሕንፃ ጥግ በኩል ወደ ምድር እያመለከተች፣ «ስትፈራረሙ ብትጠሩኝ ኖሮ፣ ጋሼ፣ ቧንቧው በዚህ እንደሚያልፍ አሳያችሁ ነበር» አለችኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የቀድሞ የውል አስተዳደር ባለሙያ
ደሴ