ከፍርዱ በኋላ ስለሚቀረው ውሸት

ለተከበሩ ውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን ተሻለዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

ተማሪዎቼን የማስተምርበትን የዋልተር ዲን ማየርስን «ሞንስተር» የተሰኘ ልብ ወለድ በስልክ ስተርክልዎ፣ «ልጁ ዋሽቷል፤ ሌላ ምን ይመረመራል?» ያሉኝን ሳወጣ ሳወርድ ሰንብቼ ይህን ጻፍኩልዎ።

ያሉት መሠረት አለው። የ16 ዓመቱ የኒው ዮርክ ሃርለም ሰፈር ልጅ ስቲቭ ሃርመን የተከሰሰው የመድኃኒት ቤት ባለቤት በተገደለበት ዘረፋ ቀድሞ ገብቶ፣ ፖሊስ አለመኖሩን አይቷል ተብሎ ነው። በችሎት ቃለ መሐላ ፈጽሞ በዚያ ቀን እዚያ አልነበርኩም ይላል፤ በግል ማስታወሻው ግን ከረሜላ ፈልጌ ገባሁ፣ ወጣሁ፣ ምን ጥፋት አለው ብሎ ይሟገታል።

ነገር ግን እርስዎ ዳኛ ሳሉ «ምስክሩ ከዚህ ቃል ምን ያገኛል?» ብለው ይጠይቁ እንደነበር አጫውተውኛል፤ እኔም ተማሪዎቼን የማስጠይቃቸው ይህንኑ ነው። በዘረፋው የተካፈለው ቦቦ ኢቫንስ የሚመሰክረው ቅጣቱ እንዲቀልለት ነው። የስቲቭ ጠበቃ ኦብራያን ደግሞ መርታት ትፈልጋለች፤ ስቲቭን ለምስክርነት ስታዘጋጀው ጠረጴዛው ላይ ኩባያ አስቀምጣ፣ መልሱ ካልጣማት ትደፋዋለች፣ እርሱም ኩባያው እስኪቃና ድረስ ቃሉን ይለዋውጣል። እኔ ከመጽሐፉ ሁሉ አብልጬ የማስተምረው ይህን ትዕይንት ነው፤ ምክንያቱም በችሎት የምንሰማው «እውነት» እንዴት እንደተሠራ ዓይናችን እያየ ያሳየናል።

ስቲቭ ሙሉውን ክርክር የጻፈው በፊልም ድርሰት መልክ ነው። በዚያ ውስጥ እርሱ ራሱ ሌሎች የሚመለከቱት ተዋናይ ነው፤ «እኔ» የሚለው በማስታወሻው ብቻ ነው። ውሸቱ ዳኞችን ለማሳመን ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ነፃ በወጣበት ዕለት ባበቃ ነበር። እርሱ ግን ኦብራያንን ሊያቅፍ እጁን ሲዘረጋ ፊቷን አዞረችበት፤ ከወራት በኋላም ልብሱን እየቀያየረ፣ ድምፁን እየለዋወጠ፣ በመስታወት ፊት ራሱን ይቀርጻል። ምን አይታብኝ ይሆን የሚለው ጥያቄ አልለቀቀውም። የሚከሰው የለም፣ የሚቀጣው የለም፤ ታዲያ ይህን ሁሉ የሚያደርገው ለማን ነው? እኔ ለራሱ ነው ባይ ነኝ፤ ስለዚህም ስቲቭ የማይታመን ተራኪ የሆነው ከሁሉ በፊት ለራሱ ነው እላለሁ።

እርስዎ በችሎት ዘመንዎ ነፃ ያሰናበቱት ሰው በኋላ እንዲህ ሲሆን አይተው እንደሆነ ቢጽፉልኝ፣ ለተማሪዎቼ አነብላቸዋለሁ። ለእማዬ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

አክባሪ ልጅዎ