በደጃፍሽ ምስማር ላይ የሚንጠለጠል ቦርሳ

ሐረር፣ ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤ ከነልጅሽ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ድሬዳዋ ያለውን አዲሱን የኪራይ ቤታችሁን አይቼ ከተመለስሁ ወዲህ ግን ልቤ አላረፈም። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ኪራዩም አይከፋም፤ ይሁን እንጂ ከግቢው በር እስከ ደቻቱ ወንዝ ዳርቻ በእግሬ ብለካው 200 እርምጃ አልሞላም። ባለቤትሽም የጅቡቲ መስመር ሹፌር በመሆኑ ብዙውን ሌሊት ከሕፃኑ ጋር ብቻሽን ነሽ። ክረምቱ ሳይገባ ጎርፍ ቢመጣ ይዘሽው የምትወጪው አንድ ቦርሳ እንድታዘጋጂ እፈልጋለሁ። በስልክ ብነግርሽ «እሺ እማዬ» ብለሽ ወደ ሌላ ወሬ እንደምታልፊ ስለማውቅ በደብዳቤ መጻፉን መረጥሁ።

በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ ደቻቱ ሞልቶ ከተማውን ሲያጥለቀልቅ አንቺ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርሽ። ደቻቱን ታውቂዋለሽ፤ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ጎርፉ የሚነሣው ግን ከደንገጎ በኩል ካለው ደጋ ነው፤ ዝናቡ በተራቆተው ተራራ ላይ ሲወርድ መሬቱ ስለማይመጥጠው ቁልቁል ተንደርድሮ ከተማው ውስጥ ይገባል፤ ድሬዳዋ ላይ ጠብታ ሳይወርድም ሊመጣ ይችላል። በዚያች ሌሊት ከ250 ሰው በላይ ሞተ፣ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ያለ ቤት ቀረ። በኋላ የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል፤ ሆኖም በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. በከተማዋ ጎርፍ እንደገና የሰው ሕይወት አጥፍቷል። «እዚያ ሐረር ዘንቧል ወይ?» ብለሽ እኔን እንዳትጠይቂኝ፤ የሐረር ውሃ የሚወርደው በሌላው ወገን ወደ ኤረር ወንዝ ነው፣ ለደቻቱ ምልክት አይሆንም። ይልቅስ በደንገጎ የሚመላለሱትን የሚኒባስ ሹፌሮች ጠይቂ።

ያን ሌሊት አባትሽ አንቺን ተሸክሞ ቀድሞ ወጣ፤ እኔም በጨለማ እጄ የገባልኝን ይዤ ተከተልሁት። ሲነጋ በቀኝ እጄ ጨብጬው ያገኘሁት የከሰል ካውያችንን ነበር። ከዚያ ሁሉ ንብረት መካከል ለምን እሱን እንዳነሣሁ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ እጄ እስኪደነዝዝ ይዤው ሮጫለሁ። የልደት ካርድሽ፣ የአባትሽ የሥራ ማስረጃ፣ የቤቱ ካርታ ሁሉም ጭቃ ሆኖ ቀረ፤ ምትኩን ለማውጣት ከቢሮ ቢሮ ስንንከራተት ዓመት ሊሞላን ጥቂት ቀረው። እኛስ ተርፈናል። አንዲት ጎረቤታችን ግን ከነልጆቿ ከግቢ ከወጣች በኋላ የወርቅ ሀብሏን ላምጣ ብላ ተመለሰች፤ አልወጣችም። ስለዚህ ይህን ቦርሳ እንድታዘጋጂ የምፈልገው ንብረት እንድታድኚበት አይደለም፤ አንዴ ከወጣሽ በኋላ የሚመልስሽ ነገር በቤቱ ውስጥ እንዳይኖር ነው።

ስለ ቦርሳው ዓይነት ብዙ አስቤበታለሁ። በጀርባ የሚታዘል ይሻላል ሲባል እሰማለሁ፤ የአንቺ ጀርባ ግን የልጅሽ ነው። ልጁን በአንቀልባ አዝለሽ፣ ቦርሳውን በደረትሽ አሻግረሽ በጎን ካንጠለጠልሽው ሁለቱም እጆችሽ ነፃ ይሆናሉ፤ በአንዱ የእጅ ባትሪ ትይዣለሽ፣ በሌላው ግድግዳም አጥርም ትደግፊያለሽ። በመሆኑም ማንገቻው ረጅምና ሰፊ የሆነ የሸራ ቦርሳ አሰፍቼ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በሚኒባስ ልኬልሻለሁ። አልጋ ሥር እንዳታስገቢው፤ ውሃ መጀመሪያ የሚደርሰው እዚያ ነው። ቁምሳጥን ላይም አታውጪው። ከመውጫው በር ጎን በትከሻሽ ቁመት ምስማር አስመችና እዚያ ይንጠልጠል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚገባው ሰነድ ነው፦ የልጁ የልደት የምስክር ወረቀትና የክትባት ካርድ፣ የፋይዳና የቀበሌ መታወቂያችሁ፣ የጋብቻ ወረቀታችሁ፣ የኪራይ ውላችሁ፣ የትምህርት ማስረጃሽ። እነዚህን በሁለት ፌስታል ደራርበሽ አፉን አጥብቀሽ እሰሪው፤ ኮፒውን ለእኔ ላኪልኝ፣ ፎቶ አንሥተሽም በባለቤትሽ ስልክ ላይ አስቀምጪ። የእኔን፣ የባለቤትሽንና የአክስትሽን ስልክ ቁጥር በእስክሪብቶ በወረቀት ጻፊው፤ ስልኩ ባትሪ ሲጨርስ በቃልሽ የምታውቂው ቁጥር እንደሌለ ባለፈው አይቻለሁ። ጥቂት ጥሬ ብርም በዝርዝር አድርጊ፤ ኔትወርክ ከጠፋ ቴሌብር አይሠራም፣ በእንዲያ ያለ ጠዋት ደግሞ የ200 ብር ኖት የሚዘረዝርልሽ አታገኚም።

ውሃን በተመለከተ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ገደማ፣ ለሦስት ቀን የሚሆን ይያዝ የሚባለውን ምክር ሰምተሽ ይሆናል። ምክሩ መኪና ላለው ሰው ይሆናል፤ ልጅ ያዘለች ሴት ያን ሁሉ ተሸክማ አትሮጥም። ለአንቺ ሁለት ባለ አንድ ሊትር ጠርሙስና አንድ የውሃ አጋር (ውሃ ማከሚያው ፈሳሽ) ይበቃል፤ በኋላ ያገኘሽውን ውሃ አጥልለሽ፣ ውሃ አጋሩን በራሱ ጠርሙስ ላይ በተጻፈው መጠን ጨምረሽ 30 ደቂቃ ትጠብቂያለሽ። ኦ.አር.ኤስም ሦስት አራት ፓኬት ያዢ፤ አንዱ ፓኬት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ የሚበጠበጥ ሲሆን ከ24 ሰዓት በኋላ የቀረው ይደፋል። ከጎርፍ በኋላ ሕፃናትን የሚጥለው ተቅማጥ ነውና ይህን አትናቂው።

ለምግብ በስኳር የተለወሰ በሶ፣ ቴምርና ዳቦ ቆሎ ልኬልሻለሁ። ጭኮ ያልላክሁት ሰስቼ እንዳይመስልሽ፤ በድሬ ሙቀት ቅቤው ቀልጦ ሰነዱን ሁሉ ያበላሸዋል። ሻማም በዚሁ ምክንያት አይሆንም፤ አንድ ጊዜ አስቀምጬ በግንቦት ስከፍተው ጎብጦ ከልብስ ጋር ተጣብቆ አግኝቼዋለሁ። የእጅ ባትሪውን ድንጋዮች አውጥተሽ ለብቻ ጠቅልያቸው፤ ውስጡ ከቆዩ ያፈሳሉ። የልጁ የትኩሳት ሽሮፕም ሙቀት አይወድም፤ በየሦስት ወሩ ቀይሪው፣ አሮጌውን ቤት ውስጥ ተጠቀሚበት። ከዚህ ሌላ የልጁ ቅያሪ ልብስና ዳይፐር፣ ለአንቺ ሞዴስ፣ አንድ ነጠላ፣ ሳሙና፣ ፊሽካ። ፊሽካው አያስቅሽ፤ በጨለማ የሰው ጩኸት በጎርፉ ድምፅ ይዋጣል፣ ፊሽካ ግን ይሰማል።

አወጣጡንም ልብ በይ። በደቻቱ ዳር እየሄድሽ መንገድ አትፈልጊ፤ ጀርባሽን ለወንዙ ሰጥተሽ ሽቅብ ውጪ። የአክስትሽ ቤት ከእናንተው ወገን ስለሆነ ወንዝ አያሻግርም፤ ሁላችንም አንቺን የምንፈልገው እዚያ ነው። ባለቤትሽም ቢሆን እንዲህ ሲሆን ወደ ቤት ሳይሆን ወደ እሷ እንዲሄድ አስቀድማችሁ ተስማሙ። የሚወርድ ውሃ ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ ሲል፣ 15 ሴንቲ ሜትር ቢሆን እንኳ፣ ትልቅ ሰው ይጥላል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ስለዚህ ባጃጅ ቆሞ «ላሻግርሽ» ቢልሽ እንዳትገቢ። ቦርሳውም ቢሆን ከምስማሩ አልላቀቅ ካለሽ ትተሽው ውጪ፤ ወረቀቱን እንደ ድሮው ተንከራትተን እናወጣዋለን።

ጎርፍ ብቻም አይደለም። በታኅሣሥ ወር በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ስንቱ ሰው ቤቱን ትቶ እንደወጣ በዜና አይተናል፤ የእሳት አደጋም አለ። ቦርሳው ለሁሉም ያው ነው።

አሁን የምለምንሽ ይህን ነው፦ ቦርሳውን ከሞላሽ በኋላ አንድ ማታ መብራት አጥፍተሽ፣ ልጁን አዝለሽ፣ ቦርሳውን አንግተሽ እስከ ግቢው በር ሂጂ። ቢከብድሽ መጀመሪያ ልብሱን ቀንሺ፣ ቀጥሎ በሶውን፤ ሰነዱንና የልጁን መድኃኒት አትንኪ። የግቢው ቁልፍ በጨለማ እንዴት እንደሚከፈትም ያኔ ታዪዋለሽ፤ እኔ በቀን እንኳ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነው የከፈትሁት፣ ዘይት አስቀቢው። የፊታችን ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ምስማሩን ገበያ እንዳትፈልጊ፣ ከቦርሳው የጎን ኪስ ውስጥ ሁለት አድርጌልሻለሁ።

እናትሽ