ቅድመ አያትሽ ባቡር አልነዱም

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለሊያ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይሄን ነገር በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን ስንደዋወል አንቺ ወደ ክፍል እየሮጥሽ ነው፣ እኔ መሪ ላይ ነኝ። ቁጭ ብሎ የሚነገር ነገር ስለሆነ ጻፍኩልሽ።

አራተኛ ክፍል ሳለሽ ስለ ቤተሰባችሁ ተናገሩ የተባላችሁበት ቀን ትዝ ይልሻል? ማታውን ከካርቶን ባቡር ሠራን። በነጋታው ክፍል ፊት ቆመሽ «ቅድመ አያቴ ድሬዳዋ ውስጥ ባቡር ይነዱ ነበር» አልሽ። አስተማሪሽ አጨበጨበችልሽ። ያንን የነገርኩሽ እኔ ነኝ። ስህተት ነበር። ያወቅኩት ደግሞ ባለፈው ቅዳሜ ነው።

ወንድምሽ ናታን ለልደቱ የእንፋሎት ባቡር ካላየሁ አለ። እናትሽ ፈልጋ ፈልጋ ስትራስበርግ የሚባለውን የባቡር መንገድ አገኘች። ፔንሲልቬኒያ ነው፤ ከቤታችን ሁለት ሰዓት ያህል ያስነዳል። እማማንም ይዘናት ሄድን። መጀመሪያ «እኔ ሽማግሌዋ ባቡር ምን ያደርግልኛል» ብላ ነበር። ጠዋት ስንነሳ ግን ነጠላዋን ለብሳ፣ ቡናውን በፔርሙስ ሞልታ፣ ድፎውን በጨርቅ ጠቅልላ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን።

አገሩ የአሚሾች ነው። መኪና የማይነዱ፣ ማሳቸውን በበቅሎ የሚያርሱ ሰዎች ናቸው። እማማ የጥንድ ጥንድ በቅሎ ስታይ መስኮቱን አስከፈተችኝ። ሴቶቹ ፀጉራቸውን ሸፍነው በጋሪ ሲያልፉ «እነዚህስ ከቅዳሴ የወጡ ይመስላሉ» አለች። እዚያው መንገድ ላይ ደስታዋ ጀመረ።

ስለ ባቡሩ ትንሽ ልንገርሽ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ። መንገዱ ፈቃድ ያገኘው በ1832 ነው። ርዝመቱ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በ1950ዎቹ ማብቂያ ላይ ሊዘጋ ደርሶ ነበር። በ1958 ባቡር የሚወዱ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው ገዙት፤ በ1960 እንፋሎት መለሱበት። ይሄው እስከ ዛሬ ይሠራል። የተሰበረውን ራሳቸው ይጠግናሉ፣ የሌላ ቦታ አሮጌ ባቡርም እየመጣላቸው ያድሳሉ።

እኛን የጎተተን ቁጥር 90 ነው። በ1924 ባልድዊን በሚባለው የባቡር ፋብሪካ ተሠርቶ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ስኳር የሚወጣበትን የቀይ ሥር ዘመድ ወደ ፋብሪካ ሲያመላልስ ኖሯል። በእያንዳንዱ ጎን አምስት አምስት ትልልቅ ጎማ አለው። ናታን አጠገቡ ሲቆም አንዱ ጎማ ሊበልጠው ትንሽ ነው የቀረው። ጥቁር ነው፣ ያብለጨልጫል። ቆሞ እንኳ ዝም አይልም። ከሆዱ ይንጠባጠባል፣ ይተነፍሳል፣ እንደ ጀበና ሽው ይላል።

ጣቢያው ላይ ገና ከመኪና ሳንወርድ ነፋሱ ጭሱን ወደኛ አመጣው። የድንጋይ ከሰል ጭስ እና የጋለ ዘይት። እማማ እግሯን መሬት አሳርፋ፣ በሩን እንደያዘች ቀረች። አሟት መስሎኝ ደነገጥኩ። «ምን ሆንሽ እማዬ?» አልኳት።

«ይሄ የአባቴ ሽታ ነው» አለች።

ልጄ፣ እማማ 80 ዓመቷ ነው። ይሄን ሽታ ከልጅነቷ ወዲህ አሽትታው አታውቅም። እናቷ የአባባን ቱታ ከሌላ ልብስ ጋር አታጥብም ነበር አለችኝ። ለብቻው፣ በሌላ ሳፋ። ውሃው ሦስት ጊዜ ተደፍቶም አይጠራም። ይሄን ሁሉ የነገረችኝ መኪናው በር ላይ እንደቆመች ነው። ናታን እጄን ይጎትታል፣ እሷ ታወራለች።

ከዚያ ወደ ባቡሩ ሄድን። ባቡሩን የሚሠሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ነጂው ነው፣ በቀኝ በኩል ይቀመጣል። ሌላው ወጣት ልጅ ነው፤ ፊቱ ጠቁሮ፣ አንገቱ ላይ መሐረብ አስሮ፣ አካፋ ይዟል። ምድጃውን ከፈተ። ብርቱካን የመሰለ ብርሃን ወጣ፤ ከታች ሆነን ሙቀቱ ፊታችንን መታን። አንድ አካፋ ወደ ግራ፣ አንድ ወደ ቀኝ፣ አንድ ወደ ጥልቁ። ወዲያው ዘጋው። ናታን ለምን እንደሚዘጋው ጠየቀው። ልጁም ጎንበስ ብሎ አስረዳው። በሩ ክፍት ከቆየ ቀዝቃዛ አየር ገብቶ እሳቱን ያበላሻል። ከሰሉም አይከመርም፤ ስስ ሆኖ ይበተናል፣ አየር ከሥር ማለፍ አለበት።

እማማ አንድም የእንግሊዝኛ ቃል ሳትሰማ እጇን ዘርግታ፣ ከሰል እንደሚበትን ሰው እያደረገች፣ «አባቴ ይሄን ነበር የሚሠራው» አለች።

«አይ እማዬ፣ አባባ ነጂ ነበሩ እኮ። ሾፌር ነበሩ» አልኳት።

«ሾፌርማ ነበር። የሚነዳው ሌላ ሰው ነው፣ መካኒሲየን ነው የሚባለው። አባቴ ሾፌር ነበር፣ እሳት ነበር የሚያነድ።»

አልገባኝም። ዕድሜ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ማታ ቤት ገብቼ ቃሉን ስፈልግ ግን ልክ እሷ ሆና አገኘኋት። ሾፌር የፈረንሳይኛ ቃል ነው፣ መሠረቱ «የሚያሞቅ» ማለት ነው። በእንፋሎት ዘመን ሾፌር ማለት እሳት የሚያነደው ሰው ነበር፤ ባቡሩን የሚነዳው ደግሞ መካኒሲየን። ኋላ ነው ቃሉ ወደ መኪና ነጂ የዞረው። የድሬዳዋ ምድር ባቡር ደግሞ በፈረንሳይኛ ነበር የሚሠራው። የድሬ ሰው ኩባንያውን ራሱ ሽመንደፈር ነው የሚለው፣ በፈረንሳይኛ የብረት መንገድ ማለት ነው። አዲስ አበባ ለገሃር የምንለውም ከዚያው ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፣ ጣቢያው ማለት ነው። ስለዚህ አባባ ወረቀታቸው ላይ ሾፌር ተብለው ሲጻፉ፣ እኛ የልጅ ልጆቻቸው በኛ ዘመን አማርኛ አነበብነው።

እኔ 6 ዓመቴ ሳለ ነው ያረፉት። የማስታውሰው እጃቸውን ነው። ከመዳፋቸው በላይ የሚያብለጨልጭ ጠባሳ ነበራቸው። ከምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ቅዳሜ ያን ወጣት አየሁት። ምድጃውን በከፈተ ቁጥር እጁ እሳቱ አፍ ድረስ ይሄዳል።

የዚህ ሰው ሥራ ከነጂው ያነሰ አይምሰልሽ። ከጎኑ የመስታወት ቱቦ አለ፣ ውስጡ ውሃ ከፍ ዝቅ ይላል። ልጁ አካፋ በወረወረ ቁጥር ወደዚያ ያያል። ከምድጃው ጣሪያ በላይ ምንጊዜም ውሃ መኖር አለበት። ውሃው ከወረደ ብረቱ ይግላል፣ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ይፈነዳል። ውሃ እንፋሎት ሲሆን 1600 እጥፍ ያህል ስለሚሰፋ የሚተርፍ ነገር የለም። የነጂው ዓይን ሀዲዱ ላይ ነው። ከኋላ ያለው ሕዝብ ሁሉ ግን ያ ሰው ውሃውን በማየቱ ነው በሰላም የሚገባው።

ያ ሹክ ሹክ የሚለው ድምፅ ከምን እንደሚመጣም እዚያ ነው ያወቅኩት። እንፋሎቱ ፒስተኑን ገፍቶ ሲጨርስ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ሲወጣ የምድጃውን ጭስ ይዞ ይሄዳል፣ በምትኩ ከሥር ንጹህ አየር ይሳባል። ጎማው አንዴ ሲዞር አራት ጊዜ ይተነፍሳል። ጭነቱ ሲከብድ ትንፋሹ ይበረታል፣ እሳቱም ይበልጥ ይነድዳል። አሁን ደግሞ የጅቡቲን መንገድ አስቢው። ከባህር ዳርቻ ተነስቶ አዲስ አበባ ሲደርስ ከ2300 ሜትር በላይ ወጥቷል። ሥራው ከጅቡቲ በ1897 ተጀምሮ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከተማዋም የተወለደችው በሱ ነው። አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ሰው ከጥላ ወደ ጥላ በሚሮጥበት የድሬ ፀሐይ አባባ ዳገቱን ሁሉ እሳት ፊት ቆመው ነው የወጡት። ያውም በአካፋ። የናፍጣው ባቡር እስኪመጣ ድረስ።

ጉዞው ራሱ አጭር ነው፣ ደርሶ መልስ 45 ደቂቃ። ናታን ክፍት ፉርጎ ካልሆነ አለ። የከሰል ብናኝ ዓይኑ ገብቶ ትንሽ አለቀሰ፣ ግን አልወርድም አለ። የመስመሩ ጫፍ ሊማን ፕሌስ ስንደርስ ቁጥር 90 ከፉርጎዎቹ ተፈትቶ፣ በጎን ሀዲድ ዞሮ፣ በሌላው ጫፍ መጥቶ ተቀጠለ። እዚያ ቦታ ዛሬ በኤሌክትሪክ የሚሮጠው ትልቁ መስመር አጠገቡ ያልፋል። እማማ «ሀዲዱ ከኛው ይሰፋል» አለች። እውነቷን ነው፣ የኛው አንድ ሜትር ነበር። የ80 ዓመት ሰው በዓይኗ ለካችው።

ስንመለስ እማማ ፔርሙሱን አንስታ ወደ ባቡሩ ሄደች። ተው ብላት አልሰማችኝም። ለዚያ ወጣት ቡና ቀድታ በሁለት እጇ ዘረጋችለት። ለነጂው አልሰጠችም። ልጁ ጓንቱን አውልቆ ተቀበላት። ምን እንደሆነ እኔ አስተረጎምኩለት፣ አባቷ በአፍሪካ ያንተን ሥራ ይሠራ ነበር አልኩት። ባርኔጣውን አወለቀላት።

ለምስጋና በዓል ስትመጪ እማማ ራሷ ልትነግርሽ ትፈልጋለች፤ ስለዚህ ደውለሽ ሁሉን እንዳታስጨርሻት። ያቺን የካርቶን ባቡር እናትሽ ምድር ቤት አስቀምጣታለች፣ ናታን አውጥቷታል። ከመስኮቷ የሚታየውን ሰውዬ አካፋ ሥሪለት ብሎሻል።

የአባባን ወረቀት ፎቶ አንስቼ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ጠርዙ ተበልቷል፣ ማኅተሙም ደብዝዟል። ከስማቸው ሥር ያለውን መስመር አንብቢው።

አባትሽ