ባናው ሱቁ ውስጥ እያለ ፍለጋው ለምን ያጣዋል?

ለዝግጅት ክፍሉ፤

የመንዝን ባናና በርኖስ ከደብረ ብርሃን ሆነው በኦንላይን ሱቅ ለሚሸጡ ወገኖች ይህ ይጠቅማል ብለን ጽፈናል። ዕቃው በትክክል ተመዝግቦ ሳለ ገዢው ሲፈልገው «ምንም አልተገኘም» የሚል መልስ ይመጣል። ገዢውም አልቋል ብሎ ሌላ ቤት ይሄዳል።

ብዙ ጊዜ የሚደረገው በንዑስ ፎልደር (በታችኛው የዕቃ ምድብ) ያለውን ዕቃ ላይኛው ፎልደር ውስጥ በድጋሚ መመዝገብ ነው። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። አንዱ ባና ሁለት መዝገብ ይኖረዋል፤ በአንዱ ሲሸጥ የሌላው ቁጥር ስለማይቀንስ የሌለ ዕቃ ለሁለተኛ ሰው ይሸጣል።

ይልቁንስ ፈትሹት። «ምርት» በሚለው ፎልደር፣ በውስጡ ባለው «የበግ ፀጉር»፣ ከዚያም ውስጥ ባለው «ባና» በእያንዳንዱ አንድ የሙከራ ዕቃ አስገቡ። ሦስቱንም «ሙከራ77» በሏቸው፤ ረቂቅ ሆነው እንዳይቀሩ አትሟቸው። ከዚያ «ምርት» ላይ ቆማችሁ ፈልጉ። 1 ብቻ ከመጣ ፍለጋው ወደ ንዑስ ፎልደር አይወርድም ማለት ነው። 2 ከመጣ አንድ ደረጃ ወርዶ ይቆማል። ሁለቱም የሚስተካከሉት ከቅንብሩ ነው፤ ለምሳሌ ማጀንቶ በሚባለው የኦንላይን ሱቅ ሶፍትዌር የላይኛው ምድብ «አንከር» የሚለው ምርጫ «አዎ» ካልሆነ የታችኛውን ምድብ ዕቃ አያሳይም። ምንም ካልመጣ ኢንዴክሱ (ፍለጋው የሚያነበው የቃላት ማውጫ) አልታደሰም። የፎልደር ስም ከተቀየረ ወይም ፎልደሩ ከተዛወረ በኋላም ኢንዴክሱ የድሮውን አድራሻ ይዞ ሊቀር ስለሚችል እንደገና ይገንባ።

3ቱም ከመጡ ፎልደሩን ተዉትና ቃሉን መርምሩ። ብዙ ባለሙያ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ማይኤስኪውኤል በሚባለው የመረጃ ቋት (ዳታቤዝ) ውስጥ ኢኖዲቢ የተባለው ማከማቻ የሚያደርገው የሙሉ ጽሑፍ ፍለጋ፣ ካልተቀየረ በቀር፣ ከ3 ፊደል ያነሰ ቃል አይመዘግብም። ለእንግሊዝኛ ይህ ብዙም አይጎዳም፤ በእኛ ፊደል ግን «ባና» 2 ፊደል ነው፤ «ማር»ም፣ «ጤፍ»ም እንዲሁ። «በርኖስ» እየተገኘ «ባና» ከጠፋ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ። ዝቅተኛው ልክ ወደ 2 ይውረድ፣ ሰርቨሩ ጠፍቶ ይነሣ፣ የፍለጋው ኢንዴክስም እንደገና ይሠራ፤ የመጨረሻው ከተዘለለ ለውጡ በነባር ዕቃዎች ላይ አይታይም።

የሞክሼ ፊደላት ነገርም አለ። ለኮምፒውተር ፀ እና ጸ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ «ፀጉር» ተብሎ የተመዘገበውን «ጸጉር» ብሎ የጻፈ ገዢ አያገኘውም። ሁለቱም አጻጻፍ በዕቃው የፍለጋ ቃላት ውስጥ ይግባ፤ ሐር እና ሀርም እንደዚሁ።

ሲያበቃ የሙከራ ዕቃዎቹን ሰርዙ። አዲስ ሱቅ የምትረከቡ ደግሞ ፈተናው በእንግሊዝኛ ስም ሳይሆን በባና፣ በማርና በጤፍ ይደረግ፤ የመጨረሻውን ክፍያ ከዚያ በኋላ ፈጽሙ።

ከአክብሮት ጋር፣
የድረ ገጽ ባለሙያዎች፣ ከደብረ ብርሃን