ለክረምቱ አንድ ሃይላንድና አንድ ሜትር

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰኔ ሲጋመስ የእናቶች ወሬ አንድ ነው። «ልጆቹን ክረምቱን ሙሉ ምን ላድርጋቸው?» ይባባላሉ። እኔም አምና በዚህ ጊዜ ስጨነቅ ነበር። ዘንድሮ ትንሽ ስለቀለለኝ ነው የምጽፍላችሁ።

ሽሮ ሜዳ አካባቢ ቤቴ ቁጭ ብዬ ልብስ እሰፋለሁ። የ7 ዓመት ወንድ ልጅና 5 ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት ሴት ልጅ አሉኝ። አምና ትምህርት ቤታቸው ለክረምት ትምህርት የጠየቀኝ ገንዘብ የሁለት ወር የቤት ኪራዬን ያክላል። አልከፈልኩም። እኔው አስተምራቸዋለሁ ብዬ ተነሳሁ።

ካርቶን ላይ ሠንጠረዥ አሰመርኩ። ከ3 እስከ 4 ሰዓት ሒሳብ፣ ከ4 እስከ 5 እንግሊዝኛ፣ ከዚያ የእጅ ጽሑፍ። በሦስተኛው ቀን ደንበኛ ቀሚስ ልትለካ መጣች፣ ሒሳቡ ቀረ። በአራተኛው ቀን ትንሿ የካርቶኑ ጀርባ ላይ ድመት ሣለችበት። ድመቷ ታምራለች፤ እስካሁን ግድግዳችን ላይ ናት። ሠንጠረዡ ግን በዚያው አበቃለት።

ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ነገሩን ሳጫውታቸው ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ትምህርት ቤቱን ቤትሽ ድረስ አታምጪው። ለሳምንቱ አንድ ነገር ብቻ ያዢ፤ ሒሳቡንም ተረቱንም በእሱ ዙሪያ አድርጊው» አሉኝ። እኔም ወጣ ብዬ ሰማዩን አየሁና የመጀመሪያውን ሳምንት «ዝናብ» አልኩት።

አፉና ሆዱ እኩል እንዲሆን የአንድ ሃይላንድ አንገት ቆረጥን። በቢላ ነው የቆረጥነው፤ የጨርቅ መቀሴን ፕላስቲክ አላስነካም። ቂጡ ጎርባጣ ስለሆነ ጉብታው እስኪሸፈን ውሃ ጨመርንበትና እዚያ ላይ ዜሮ ብለን ምልክት አደረግን። ከአሮጌ ሜትሬ ላይ አንድ ቁራጭ በፕላስተር ጎኑ ላይ ለጠፍን። በቃ፣ የዝናብ መለኪያ ይሄው ነው። ልጄ በየማለዳው ቁጥሩን እያነበበ ደብተሩ ላይ ይጽፋል፣ ከዚያ ውሃውን እስከ ዜሮው ይደፋዋል።

አንድ ሌሊት 20 ሚሊ ሜትር ጣለ። መምህሩ እንደነገሩን፣ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ማለት ነው። ግቢያችን 4 በ5 ነው፣ 20 ካሬ። ስለዚህ በዚያ ሌሊት ግቢያችን ላይ የወረደው 400 ሊትር ነው። ሁለት በርሜል ሙሉ! ልጄ ዝም ብሎ ቆየና «ታዲያ ለምንድን ነው ውሃ በፈረቃ የምንጠብቀው?» አለኝ። ምን ልበለው? ከሰዓት በኋላ አሸንዳው ሥር በርሜል ደቀንን።

በሁለተኛው ሳምንት ፊደል ያዝን። ልጄ ክረምቱ ሲገባ «ባ»ን እና «ቦ»ን ገና ያምታታ ነበር። ቁርጥራጭ ጨርቅ አወጣሁና እንደ ልብስ ሰፊ አስተማርኩት። «በ» ሱሪ ናት። «ቡ» በቀኝ በኩል ኪስ ያላት ሱሪ። «ቢ» በቀኝ እግሯ ጫማ ያደረገች። «ባ» ግራ እግሯ ያጠረ። «ቤ» ቀኝ እግሯ ላይ ቁልፍ የተተከለላት፤ እውነተኛ ቁልፍ ነው የሰፋሁላት። «ብ» ኪሷ ወደ ግራ የዞረ። «ቦ» ደግሞ ቀኝ እግሯ ያጠረ። በሁለት ቀን ማምታታቱ ቀረ። ትንሿ እስካሁን ድረስ ሱሪ ስቆርጥ ባየች ቁጥር «ባ ነው ቦ?» ትለኛለች። «ረ» ግን ሱሪ አልሆንልሽ አለችኝ፤ የራሷ ዓመል አላት። 33ቱን ፊደል በ7 ብታባዙት 231 ይመጣል። እኔ የሰፋሁት «በ»ን፣ «ሰ»ን እና «ከ»ን ብቻ ነው፤ የቀረውን በጠመኔ ወለል ላይ ጻፍነው።

የባቄላው ሳምንት አልተሳካም። እርጥብ ጥጥ ላይ አስቀምጠነው ትንሿ በየሰዓቱ ውሃ ስትጨምርበት በሰበሰ። መበስበስም ያው አንድ ትምህርት ነው ብዬ አለፍኩት።

በቆሎ እሸት ሲመጣ ግን ቤቱ ሞቀ። ከመጥበሳችን በፊት የፍሬውን ረድፍ ዙሪያውን እንቆጥራለን። 12፣ 14፣ 16... ሁልጊዜ ለሁለት የሚካፈል ነው። 13 ወይም 15 ረድፍ ያገኘ ሌላ በቆሎ ይሸለማል አልኩ። ልጆቹ የጎረቤቱን በቆሎ ሳይቀር ቆጠሩ። እስከ ክረምቱ መጨረሻ ለማንም አልከፈልኩም።

ለቡሄ ሙልሙል አብረን ጋገርን። ነሐሴ 13 ማታ ልጄ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ሆያ ሆዬ ብሎ መጣ። 140 ብር አግኝተዋል፣ አምስት ናቸው። ወለል ላይ ተቀምጠው አንድ አንድ ብር እያነሱ ሲካፈሉ ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው፣ ግን 28 ላይ በራሳቸው ደረሱ። ማካፈል ገና አልተማረም ነበር።

አደራ፣ እንደ ጎበዝ እናት አትዩኝ። ቀን ሙሉ ቴሌቪዥን ፊት የተዘፈዘፉበት ጊዜም አለ፤ ስፌት ሲበዛብኝ እኔው ነኝ የምከፍትላቸው። በቀን አርባ ደቂቃ ከሰጠኋቸው ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ጋዜጣችሁ ለኳስ ሁለት ገጽ ይሰጣል። ከሐምሌ እስከ ጳጉሜን ለልጆች የምትሆን የመዳፍ ስፋት ያላት ቦታ ብትሰጡንስ? በሳምንት አንድ ቃል፣ ቤት ውስጥ ባለ ዕቃ የሚሠራ አንድ ሥራ፣ አንድ እንቆቅልሽ። ወላጆችም የየቤታቸውን ይላኩ። የደብረ ብርሃኑ ዝናብ ከሽሮ ሜዳው ይበልጥ እንደሆነ ልጄ ማወቅ ይፈልጋል።

በዝናብ ከጀመራችሁ የአምናውን ደብተር እንልክላችኋለን። የሐምሌ 14 ብቻ የለበትም። ያን ዕለት ድመቷ (የግድግዳዋ አይደለችም፣ የእውነቷ) ሃይላንዱን ደፍታብናለች።

ልብስ ሰፊዋ እናት
ከሽሮ ሜዳ